የቡና አበባና የዲመካ ገበያ

ሐመሮች አፍልተው በቅል የሚጠጡት፥ በዲመካ ገበያም የሚሸጠው የቡና ገለባ በቆላው ምድር የሚበቅል አይደለም። ስለዚህ የገለባው ነጋዴ የደጋውን እንቡጥ ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል።

የዐረቢካ ቡና እንቡጥ በደረቁ ወራት እንዳንቀላፋ ይቈያል፤ በቂ ዝናም ሲያገኝ ነቅቶ በ8 ወይም በ12 ቀን ገደማ ያብባል። ነጩ አበባ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ይጠወልጋል፤ ፍሬው ግን እስኪበስል ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጃል። ዝናሙ እየተቈራረጠ ከጣለ አበባው በየጊዜው ስለሚፈነዳ፥ ፍሬው ባንድነት አይደርስም፤ ለቀማውም ይደጋገማል፤ ገለባውም ለገበያ በጥቂት በጥቂቱ ይቀርባል።

እንግዲህ ነጋዴው ውል ከመግባቱ በፊት በጂንካ ዙሪያ፥ በአሪ የቡና አገር፥ ዝናሙ መቼና እንዴት እንደ ጣለ ይጠይቅ፤ ያበበ ሁሉ አያፈራምና።