የቮልስ በር

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ የፊቱ ወንበር ካልታጠፈና ጎንበስ ካላሉ ኋላዋ አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ 82 ዓመታቸው ነበር።

«አሮጌ ቮልስ ገዝቼ ላድስ ነው» ባልኩ ቁጥር ይህን ያላነሳልኝ ትልቅ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ወደ ቤተሰብ ይዞራል፤ አጎቱ ነበረችው፣ የሒሳብ አስተማሪው ነበረችው፣ ሚስቱን ያመጣው በእሷ ነው። እንዲህ የሁሉም ዘመድ የሆነች መኪና ሌላ አላውቅም። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት፣ ጀርመኖቹ «ጢንዚዛ» የሚሏት ይህች መኪና የመጨረሻዋ የተሠራችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ነው። እስከዚያች ዕለት 21,529,464 ተሠርተዋል። ዕቃዋ ዛሬም ሶማሌ ተራ የማይጠፋው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳይገዙ በፊት መረዳት ያስፈልጋል። መጠገንና ማደስ ለየቅል ናቸው። መካኒኮቻችን መጠገን ይችሉበታል፤ የሌለውን ዕቃ ከሌላ መኪና አምጥተው፣ ሞርደው፣ በሽቦ አስረው ነገ ጠዋት ሥራ ያስገቡሃል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ የኖረች ቮልስ ስትገዛ ታዲያ የሃምሳ ዓመት ብልሃት ነው የምትገዛው። ማደስ ማለት ያንን ብልሃት አንድ በአንድ መፍታት ነው።

መጀመሪያ ሄጄ ያየኋት ቀይ ነበረች። ቀለሟ ያብለጨልጫል፤ ደላላው ቁልፉን ገና ሲነካው ሞተሯ ተነሣ። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሁለቱንም መስኮት እስከ ላይ አስዘጉና በሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

«በል እንሂድ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ጥሩ ተዘጋ እኮ!»

«እሱ ነዋ ችግሩ። ደህና ቮልስ መስኮቷ ተዘግቶ በሯ እንዲህ በዋዛ አይገጥምም፤ ውስጥ የታፈነው አየር ይገፋዋል። ይሄ አየር በየት ወጣ? በወለሉ!»

አላመንኩም። ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው ከበሩ ሥር በጎኗ ላይ አስኬዱት። ሁለት ስንዝር ያህል ተጣብቆ ሄደና ድንገት እጃቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቆርቆሮ አይደለም፤ ስቱኮ ነው። የኋላውን ወንበር ብድግ ሲያደርጉት በቀኝ በኩል ባትሪው ተቀምጧል፤ ከባትሪው ሥር ደግሞ አሲድ በልቶት በጨርቅና በቀለም የተደፈነ ወለል። በቀዳዳው አስፋልቱ ይታያል።

የቮልስ ገዳይ ዝገት ነው፤ የሚደበቀው ደግሞ ከሁለቱ በሮች ሥር በሚሄዱት ቱቦዎች ውስጥ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በእነሱ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚደርሰው። ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሸከሙት፤ አካሏን ቀጥ አድርገው የያዙትም እነሱ ናቸው። ማግኔት ባይኖርህ በክሪክ ከጎን አንሣትና በሩን ሞክር። ተነሥታ አልዘጋም ካለ ቱቦዎቹ አልቀዋል፤ አካሏ መሐል ላይ ጎብጧል። ቀጥሎ የፊቱን ኮፈን ከፍተህ ትርፍ ጎማው የተኛበትን ጎድጓዳ እይ፤ ውኃ የሚያቁርበት ቦታ ነው።

ሞተሩ ያን ያህል አያስጨንቅም። በ4 ብሎን ነው ከኋላ የታሰረው፤ ገመዶቹንና የቤንዚን ጎማውን ፈትተህ በክሪክ ታወርደዋለህ። ጠፍቶ ሳለ ቺንጊያው የሚዞርበትን ፑሊ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሳበው። የተፈቀደው ልቅነት 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ እጅ ብዙም አይሰማውም። ቋ ቋ ካለ የሞተሩ አካል ራሱ ተበልቷል፤ ያኔ ዋጋውን ከነሞተሩ ሳይሆን ያለ ሞተር ተደራደር።

ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። እዚህ ላይ ከመካኒኮቻችን ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ሞተሩን ያለበሱትን ቆርቆሮዎችና ዙሪያውን የሚያትመውን ጎማ «አየር ይግባለት» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያ ጎማ ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር ከላይኛው ቀዝቃዛ አየር የሚለይ ግድግዳ ነው፤ ሲነሣ ፋኑ የገዛ ትኩሳቱን መልሶ ይስባል። በቀደሙት ሞተሮች ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛው ሲሊንደር አየር መንገድ ላይ ነው የተተከለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው 3ኛው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እንጦጦን ስትወጣ ጉልበቷ የሚከዳትም፣ ቶሎ የምትግለውም ለዚህ ነው። የወላለቁትን ቆርቆሮዎች ለመሰብሰብ ሁለት ወር ሶማሌ ተራ ተመላልሻለሁ፤ አንዷን ያገኘኋት ከሰል ማንደጃ ሥር ተነጥፋ ነው።

ሊብሬውን ከሻንሲው ጋር ሳታመሳክር ቀብድ አትስጥ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ደግሞ ከዲናሞው ሥር። በ11 የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ከሆነ ሦስተኛው አኃዝ ሞዴሉን ይነግርሃል፤ 116 ካለ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ናት። ከ1970 ወዲህ ያሉት ባለ 10 አኃዝ ናቸው። ሻጩ «የሰባ ሁለት ናት» እያለህ ቁጥሩ ባለ 9 አኃዝ ከሆነ ሌላ ሻይ አዘህ በደንብ ተጨዋወት።

እኔ በመጨረሻ የገዛኋት ቀለሟ የነጣ፣ ሞተሯ የማይነሣ፣ በአንድ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር 11 ዓመት የቆመች ናት። ደላላው አፈረባት። ሽማግሌው ግን በሩን በሁለት እጃቸው ሲገፉ አልዘጋም ሲላቸው ፈገግ አሉ።

ሥራው የተጀመረው ከፍሬኑ ነው፤ የማይቆም ነገር አይነዳም። ከዚያ ሳይፈታ በፊት ሁሉን ፎቶ ማንሣት፣ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በየፌስታሉ አስሮ ስሙን መጻፍ። የግራው ቱቦ ሥሩ መዝገቱን ያወቅነው ከፈታን በኋላ ነው። ባትላሜራው ቱቦውን ቆርጦ ሊያወጣ ሲል ሽማግሌው ጮኹበት። በመጀመሪያ የበሩን ክፍት ከዳር እስከ ዳር በብረት አስበየዱ፤ ያለዚያ አካሉ በቆረጡት ቅጽበት ስለሚወርድ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። አዲሱ ቱቦ ከገባ በኋላ ድጋፉ ተቆረጠ። ይህ ብቻ አምስት ሳምንት ፈጀ። ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ትክክለኛውን መልኳን ያገኘሁት ከበሩ ልባስ በስተጀርባ፣ ማንም መልሶ ያልቀባው ቦታ ላይ ነው፤ ውኃ ሰማያዊ።

መስኮቶቹና ጎማዎቻቸው የገቡ ዕለት በሩን ገፋሁት። ተመለሰ። በኃይል ወረወርኩት፤ አሁንም ተመለሰ። የአምስት ሳምንቱ ብየዳ ጠሟል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና በወዲያኛው በር በኩል መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረጉት።

«አሁን ዝጋው» አሉኝ።