በቀዶ ጥገና ሲወልዱ የሰውነት ሙቀት እንዳይቀንስ መከላከል

የጤናማ ሰው የውስጥ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ36 ዲግሪ በታች ከወረደ የሰውነት ሙቀት መቀነስ ወይም ሃይፖተርሚያ ይባላል። በኦፕራሲዮን በሚወልዱ እናቶች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ለምን ይከሰታል?

ብዙ ሰው የክፍሉን ቅዝቃዜ ብቻ ተጠያቂ ያደርጋል። ዋናው ምክንያት ግን በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ያሉትን የደም ስሮች ስለሚያሰፋ በደረትና በሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ከደም ጋር ወደ እግር ይሄዳል፤ ከዚያም በቆዳ በኩል ይባክናል። የደነዘዘው የሰውነት ክፍል ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨትም አይችልም። ያልሞቀ ግሉኮስ በደም ስር ሲገባና ሆድ ሲከፈት ደግሞ ሙቀቱ ይበልጥ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። እግሯ ስለሚሞቃት እናትየዋ ውስጧ እየቀዘቀዘ «አልበረደኝም» ልትል ትችላለች። ስለዚህ በቴርሞሜትር መለካት የግድ ነው።

ምን ጉዳት አለው?

ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም ቶሎ አይረጋም፤ ቁስሉም ለኢንፌክሽን ይበልጥ ይጋለጣል። መንቀጥቀጡ ራሱ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ሕፃኑን ለማቀፍና ለማጥባት ያስቸግራል።

እንዴት ይከላከሉታል?

ሙቀት መጠበቅ የሚጀምረው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ተራዎን ሲጠብቁ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይሸፈኑ፣ ካልሲ ያድርጉ፤ ከበረደዎት ለነርሷ ይንገሩ። በቀዶ ጥገናው ወቅት ባለሙያዎቹ ሞቃት አየር የሚነፋ ብርድ ልብስና በመሣሪያ የሞቀ ግሉኮስ ይጠቀማሉ። መሣሪያው በሌለበት ሆስፒታልም ቢሆን መስኮት መዝጋት፣ ክፍሉን ቀድሞ ማሞቅና እርጥብ ጨርቅ ቶሎ መቀየር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሊድ ክፍል ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም በተለይ ለሕፃኑ ይጠቅማል። ሕፃኑ ወዲያው ተጠራርጎ፣ ኮፍያ ተደርጎለት፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተኝቶ ሁለቱም አንድ ላይ ይሸፈናሉ።

ለአስታማሚዎች

ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እግሯ ሥር አያድርጉ። ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ እግሯ ስለማይሰማት ቆዳዋ ሲቃጠል አታውቅም። ደረቅ ብርድ ልብስ ይጨምሩላት።

ከቀዶ ጥገና በኋላ እናትየዋ መንቀጥቀጧ ካላቆመ፣ ከልክ በላይ ካንቀላፋች ወይም ንግግሯ ከተዛባ ወዲያውኑ ባለሙያ ይጥሩ። ቤት ከገቡ በኋላ ብርድ ብርድ ማለቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለው የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።