የአያቴን ድጓ ፍለጋ

ቤታችን ውስጥ አንድ የስልሳ ደቂቃ ካሴት ነበረ። ላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አባባ፣ ድጓ» ተብሎ ተጽፎበታል። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ድጓ ያስመሰከሩት ጋይንት ቤተ ልሔም ሲሆን፣ ቀሪ ዘመናቸውን ደብረ ታቦር ዙሪያ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ካሴቱን የቀዳው አጎቴ ነው፤ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከሬዲዮ አንድ ዘፈን ለመቅዳት ባዶ ካሴት አጣሁና የአባባን ከተትኩት። ማንም አጥብቆ አልተቆጣኝም። «እሳቸው አሉ አይደል፤ እንደገና ይቀዳል» ተባለ። ሳይቀዳ አረፉ።

ባለፈው ክረምት ማሲንቆ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ቅድመ አያቴ የሚያዜሙት እንዴት ያለ ነበር? እስኪ አሰሚኝ» አለኝ። ስልኬን አነሳሁ፤ እርስዎም ቢሆኑ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። «ቤተ ልሔም ዜማ» ብዬ ስጽፍ የገና መዝሙር መጣልኝ። «ደብረ ታቦር ዜማ» ስል የቡሄ ጭፈራ ተደረደረ፤ በዓሉም ከተማውም አንድ ስም ነዋ! የፎገራውን አለቃ ገብረ ሐናን ስፈልግማ ቀልድ ብቻ። የተክሌ አቋቋም ከእሳቸውና ከልጃቸው ከተክሌ ስም ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚነግረኝ ጽሑፍ ጋ እስክደርስ ስንቱን ቀልድ አለፍኩ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ምን ብሎ እንደሚጽፍ መገመት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ችግሩ የት እንዳለ ለመጠርጠር ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ስለ ሙዚቃችንና ስለ ዜማችን የተሰበሰበ መረጃ አለ፤ ብዙም ነው፤ ጥሩ ጥሩው በነፃ ይከፈታል። ነገር ግን አብዛኛውን መዝገብ ላይ ያሰፈሩት የውጭ አገር ተቋማት ናቸው፤ ስሙንም የጻፉት በየራሳቸው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ነው። ማሲንቆን በ«ኬ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ኪው» የሚጽፍ አለ፣ «ኤ» ላይ ሁለት ነጥብ የሚደርብም አለ። ድጓ ከዚህም ይብሳል፤ የተገለበጠች «ኢ» የሚያስገቡበት ሁሉ አሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፈው «የለም» ቢልዎ አይመኑት። ቢያንስ አራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩ። እምቢ ካለ ደግሞ «አንቲፎነሪ» የሚለውን የምዕራባውያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ድጓን በዚህ ስም የሚጠሩት ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

እኔን በመጀመሪያ ደጅ የከፈተልኝ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለ ቤት ነው። ኮሌጅቪል በምትባል ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ምስል አስቀርቷል። ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ረጅም ዘመናቸውን የሰጡት ደግሞ የእኛው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ በነፃ ተመዝግበው ከገቡ ብዙዎቹን ቤትዎ ተቀምጠው ገጽ በገጽ ማየት ይችላሉ።

የመጀመሪያውን ድጓ ስከፍት እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ከግዕዙ መስመር በላይ ጥቃቅን ፊደላት ተሰድረዋል። ምልክት ይባላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንደደረሱት ይነገራል። ልጅዎ ፒያኖ የሚማር ከሆነ የሚያውቁት ኖታ አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ነው። የእኛው እንዲህ አይደለም። አንድ ሁለት ፊደል የሚወሰደው ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ጥቅስ ነው፤ «የዚያን ቃል ዜማ እዚህ ላይ አምጣው» እንደ ማለት። ብዛታቸው በመቶዎች ይቆጠራል፤ ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እየተባለ ይለያያል። እንግዲህ መምህር ያልነገረው ሰው ገጹ ላይ ቢያፈጥ ድምፅ አይሰማም። እኔም አልሰማሁም። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባወጡት ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ በምዕራባውያን ኖታ አስፍረዋል። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ቤትዎ ካለ መግቢያ ይሆነዋል። የመቋሚያውን መነሳትና መውደቅ፣ የካህናቱን ማሸብሸብ ግን ኖታም ብራናም አይዘውም።

የደብረ ታቦር ሰው ከሆኑ ፍለጋው ለንደንም ያደርስዎታል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት የተከማቹት መቅደላ ነበር፤ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተጎትቶ የወጣበት ያው መቅደላ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ወደሚባለው ስብስብ ገቡ። ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ ብዙዎቹን በዲጂታል አንስቶ በድረ ገጹ ለቆ ነበር። ጥቅምት 2016 ዓ.ም ላይ የሳይበር ጥቃት ደረሰበትና አገልግሎቱ ለወራት ተቋረጠ። ብራናው ለንደን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ምስሉ ግን ከዓለም ጠፋ። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች ይህ አይገርመንም። የሚፈልጉትን ገጽ ሲያገኙ፣ ማውረድ ከተፈቀደ፣ «ነገ አወርደዋለሁ» አይበሉ።

አንድ ድርሰት በየትኛው አገር፣ በየትኛው ስብስብ ውስጥ እንደሚገኝ ለማወቅ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው የመረጃ ቋት ይጠቅማል። ስሙ ራሱ «ቤተ መጻሕፍት» ነው፤ ጀርመኖቹ የእኛን ቃል ወስደው በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ያው የአጻጻፍ ጣጣ እዚህም አለ። ድምፅ ለሚፈልግ ደግሞ የፓሪሱ የኢትኖሙዚኮሎጂ ምርምር ማዕከል ከየዓለሙ የተሰበሰቡ የመስክ ቅጂዎችን ከፊሉን በኢንተርኔት ያሰማል። እዚያ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁትን ካሴት የሚተካ ግን አላገኘሁም።

ወደ ማሲንቆው ተማሪ ልመለስ። ሲንቲያ ቲሴ ኪምበርሊን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ጠባይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያልን በጆሮ የምንለየውን ድምፅ በመለኪያ መርምራዋለች። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚሰጥ ንባብ አይደለም፤ ለመምህሩ ግን ርዕሱን ነገርኩት፤ ደስ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥም በሙዚቃና በአዝማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በነፃ ይወርዳሉ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ካለዎት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚታተመው «አናል ዴትዮፒ» መጽሔት ቆየት ያሉ እትሞቹ «ፐርሴ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ አሉ።

ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ። «ግሮቭ» የሚባለው ታላቁ የሙዚቃ መዝገበ ዕውቀት በክፍያ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ልጅዎ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ከፍሎበት እንደሆነ ይጠይቁ። ለፒያኖና ለቫዮሊን ተማሪ የነባቾቹ የእነባክና የእነሞዛርት ኖታ «አይኤምኤስኤልፒ» በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት መመላለሱ ይቀራል። ቤትዎ የቆየ ሸክላ ካለ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ቁጥር «ዲስኮግስ» ላይ ይጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተውን የአምሃ ሪከርድስን የመሳሰሉ የአሳታሚዎችን ሸክላዎች ሰብሳቢዎች ቁጥር በቁጥር መዝግበዋቸዋል። አንድ ምክር ብቻ፦ ዋጋውን ካዩ በኋላ ለመሸጥ አይቸኩሉ።

መስከረም ላይ ደብረ ታቦር ስሄድ ከሚኒሶታው ቤት ያገኘሁትን ገጽ ስልኬ ውስጥ ይዤ ነበር። ከአያቴ ጋ የተማሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አሉ። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። በሁለት ጣቴ ገጹን ሳሰፋላቸው ሳቁ።

«እኛ ይሄን በእጃችን ገልብጠን ነው የተማርነው፤ ጣታችን እስኪያብጥ» አሉኝ። ከዚያ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ቆም አሉ። «ጸሐፊው እዚህ ላይ አንዲት ምልክት ዘሏል። አያትሽ ቢያዩት ይቆጡ ነበር።»

ወዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ አዜሙት። ያቺ እኩለ ሌሊት ላይ ያፈጠጥኩባት ዝምተኛ መስመር ናት።

«የኔታ፣ ልቅረጸው?» አልኳቸው። ሁለት ነገር አስቀደሙ። ቲክቶክ ላይ እንዳይወጣ ቃል አስገቡኝ። ቀጥለው «መጀመሪያ የመምህራኖቼን ስም ያዥ፤ ከዚያ ዜማውን» አሉ። ስልኩን ከኔትወርክ አውጥቼ፣ የድምፅ መቅጃውን ከፍቼ፣ ጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀኑንና ቦታውን ተናገርኩ። እሳቸውም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ማን ከማን ተማረ፣ የት። የአያቴ ስም ሁለተኛ ላይ ነው። ትላልቆቹ መዛግብት አንድን ቅጂ ሲረከቡ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ። የኔታ ፎርም ሳይሰጣቸው ሞሉት።

እርስዎም አያትዎ ጋ ስልክ ይዘው ከተቀመጡ፣ የሠርግ ዘፈንም ይሁን እንጉርጉሮ ወይም የልጅነት የቡሄ ግጥም፣ ይህን አያስቀሩ። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። መሃል ላይ ቢያስሉም አያቁሙ። ቅጂውን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ልኬዋለሁና ተቀምጧል ብለው አይተማመኑ፤ ድምፁን ሊጨምቁት ስለሚችሉ ዋናው ፋይል ይቀመጥ።

የእህቴ ልጅ አሥራ አራቱን ደቂቃ ሳይነሳ ሰማው። ሲያበቃ ማሲንቆውን አንስቶ ያንኑ ዜማ ሊፈልግ ጀመረ። የኔታ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ዝም አልኩት። ቅጂው አሁን በኮምፒውተሬ፣ በአጎቴ ፍላሽና በእህቴ ስልክ ላይ አለ። የፋይሉ ስም ረጅም ነው፦ የየኔታ ስም፣ የአያቴ ስም፣ ደብረ ታቦር፣ ቀኑ፤ ድጓ ደግሞ በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት አጻጻፍ።