አንቱ የማይባልበት አገር

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤናና ከቤተል አቅራቢያ የሚገኘው ሰፈራችን ስለ ምን ዓለም ባንክ እንደ ተባለ የጠየቀ እንግዳ፣ የዓለም ባንክ በሰጠው ገንዘብ ቤት ከተሠራበት ዘመን የተረፈ ስም ነው የሚል መልስ ከነባሮቹ አንደበት ይሰማል። በዚያን ጊዜ ጎጆ ቀልሰው ልጆች ያሳደጉት ባልና ሚስት ዛሬ ዘመነ ሽምግልና የተጫናቸው ጡረተኞች ሲሆኑ፣ የብዙዎቹ ልጆች ደግሞ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ተበትነው ይኖራሉ፤ ስለዚህም በሰንበቴውም በዕድሩም «እትዬ እገሊት ልጆቻቸው ጋ ሊሄዱ ነው» የሚል ወሬ አይጠፋም። ፈረንጅ ጡረታውን ይዞ ፀሐይና ርካሽ ኑሮ ወዳለበት ባዕድ ከተማ ሲሄድ አስቦና አስልቶ ነው፤ የኛ ሰው ግን ልጁን ተከትሎ ይሄድና፣ ጡረታውን በሰው አገር እያሳለፈ መሆኑን የሚያስተውለው ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በስተርጅና ባሕር ተሻግሮ በልሳነ ባዕድ መካከል ዕድሜን መፈጸምን ለአባቶቻችን ያስለመደቻቸው ኢየሩሳሌም ናት። በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው በዴር ሡልጣን፣ እንዲሁም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስንት መነኮሳትና መነኮሳይት እንዳረፉ ቈጥሮ የሚጨርሳቸው የለም። በፒያኖ ድርሰታቸው የታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እ.ኤ.አ. በ1984፣ ስድሳኛ ዓመታቸውን ባለፉበት ወራት፣ ወደዚያው ገዳም ገብተው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በኢየሩሳሌም ኖሩ። ከቅጥሩ ውጭ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ይነገራል፤ ከቅጥሩ ውስጥ ግን ቅዳሴው በግዕዝ፣ ጨዋታው በአማርኛ ነው፣ ሽማግሌውም ኀጢአቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚናዘዝበት የነፍስ አባት አጠገቡ አለ። እኔ ሳስበው የዚያ ስደት ምሥጢሩ በዚህች በመጨረሻይቱ ነገር ላይ ነው፤ ዳቦ በምልክት ይገዛል፣ ንስሐ ግን በምልክት አይገባም።

በዋሽንግተንም እንደ ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ ካህን አይታጣም። ነገር ግን ካህኑ ዘንድ የሚያደርሰው መኪና ነው፤ መኪናውን የሚነዳው ልጅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ በዓለም ባንክ በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው ቤተ ስኪያን ደርሰው ይመለሱ የነበሩት እናት፣ እዚያ እሑድ እስኪመጣ ድረስ መስኮት ላይ ተቀምጠው በረዶ ይቈጥራሉ።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልናገር። 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወላጆቹን ያለ ኮታ ሊያስመጣ ይችላል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ግን አይችልም። ግሪን ካርድ ያገኘ አረጋዊ ለዜግነት ማመልከት የሚችለው ባብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛው ፈተና በዕድሜ የሚማረው 55 ዓመት ሞልቶት 15 ዓመት በነዋሪነት ከቈየ፣ ወይም 50 ሞልቶት 20 ዓመት ከኖረ ነው። በ65 ዓመቱ የሄደ ሰው እንግዲህ ይህን ምሕረት ለማግኘት 80 መሙላት አለበት ማለት ነው! ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን ሕክምናም፣ በዚያ አገር ሠርቶ የማያውቅ ሰው 5 ዓመት ተቀምጦ፣ ያውም ወርኀዊ ክፍያ እየከፈለ ነው የሚገባበት። በብር የሚከፈለው ጡረታችን ለዚህ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ኢምንት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አንቱታን ማጣት ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለጳጳሱም አንዲት «ዩ» ብቻ ስላለችው፣ ወደ ዕድሩ ድንኳን ሲገቡ ሰው ሁሉ «ኧረ በእግዜር» እስኪባል ብድግ ይልላቸው የነበሩትን እናት የልጅ ልጃቸው በተሰባበረ አማርኛ «አንቺ» ትላቸዋለች፤ ልጅቱ አልባለገችም፣ ትምህርት ቤት የሰጣት ሰዋስው አክብሮት የሚገባበት በር የለውም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ደግሞ የ12 ዓመቱ የልጅ ልጅ አስተርጓሚ ይሆንና፣ አያት ስለ ማኅፀናቸው ሕመም ለሕፃን ከመናገር «ደኅና ነኝ በልልኝ» ብለው ይመለሳሉ። ይህ ሊቀር የሚችል ጕዳት ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሐኪም ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባዋል፤ የዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ሰነዶቿን ከምታስተረጕምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ተጓዡ ሌላ እንግሊዝኛ ባያጠና «አምሃሪክ» የምትለዋን ቃል አጥንቶ ይሂድ።

በተቃራኒው መንገድ የመጡ መኖራቸውንም አንርሳ። ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገቱት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1956፣ በ74 ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ከእንግሊዝ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት እያዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1960 ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። እሳቸው ግን ሥራቸውንና ክብራቸውን ይዘው የመጡ፣ ቤተ መንግሥት የተቀበላቸው እንግዳ ነበሩ፤ የኛን እናቶች የሚጠብቃቸው ሥራ ባብዛኛው ሕፃን ማሳደግ ነው።

እንግዲህ በባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆች፣ ናፍቆታችሁ እውነተኛ መሆኑን ባውቅም፣ የዓለም ባንኩን ቤት ለመሸጥ አትቸኵሉ። እናታችሁ በመጀመሪያ አንድ የበረዶ ወራት እዚያ ተቀምጠው ይሞክሩት፤ የነፍስ አባት በእግር በሚደረስበት ሥፍራ ቤት ብትከራዩ ከሰፊ ሳሎን ይበልጥባቸዋል። እስከዚያው ግን የዕድሩን መዋጮ አታቋርጡባቸው።