የአሮጌ ቤት ብሬከር ሳጥን

መካነ ሰላም ውስጥ ካሉ የቤት ዕቃዎች የኤሌክትሪክ ምጣድን ያህል ጉልበት የሚጠይቅ የለም። ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ነው። በዚህ ጉልበት ባለ 9 ዋት አምፖል ከ380 በላይ ይበራ ነበር። ምጣዱን የሚሸከመው ቤት ግን ድሮ ሽቦ ሲዘረጋለት የታሰበው ለሦስት አራት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነው። ምጣዱ ገባ፤ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የውኃ ማፍያ ተከተሉት። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ሳጥን ግን ያው የድሮው ነው።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አሮጌ ቤት ሥሪቱ የታወቀ ነው፦ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ሽቦው ግድግዳውን በሚስማር እየተያዘ ይወጣና ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአቡጀዴ ከተሰፋው ኮርኒስ በላይ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል። እዚያ አይጥ ይቆረጥመዋል፤ የማጀት ጥቀርሻ ይለብሰዋል፤ በፕላስተር የተጠቀለለው መጋጠሚያ ማንም ሳያየው ዓመታት ያልፉታል። በዚህ ላይ ሰው ይጨመርበታል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ከቱሉ አውሊያው ሌላ እዚህ ግቢ አለው። ከተማዋ ስትሰፋ በየግቢው ሰርቪስ ቤት ይሠራል፣ ይከራያል፤ ለተከራዩም ከዋናው ቤት ሽቦ ይቀጠልለታል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ እንጀራ ሲጋግር ጭነቱን የሚሸከመው ያ አሮጌ ሳጥን ነው።

ሳጥኑን ለማወቅ ከላይ መጀመር ይሻላል። ከምሰሶው ሁለት ሽቦ ወደ ቤት ይመጣል፤ አንዱ ፌዝ ነው፣ አንዱ ኒውትራል። ቆጣሪ ውስጥ ያልፋሉ፣ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ፣ ከዚያም በየክፍሉ ይከፋፈላሉ። እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ የባለቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ለሁለት ተከፈለና ኃይል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለአንዱ፣ ለቤት ማዳረሱና ሒሳብ መሰብሰቡ ለሌላው ደረሰ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ሁሉንም «መብራት ኃይል» ይለዋል። ይህን የባለቤትነት ድንበር ማወቅ ለባለቤቱ ይጠቅመዋል፦ የቆጣሪው ማኅተም በማንም የሰፈር ባለሙያ እጅ አይፈታም፤ ከቆጣሪው ወዲህ ለተበላሸ ሽቦም መብራት ኃይልን መጠበቅ ዋጋ የለውም።

በአሮጌው ቤት በሳጥን ፋንታ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተመቱ ሁለት ነጭ የሸክላ ፊውዞች ማግኘት የተለመደ ነው። ፊውዝ ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይቀልጥና መስመሩን ያቋርጣል። ሲቀልጥ መተካት አለበት፤ አደጋው የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። እንጀራው ምጣድ ላይ እንዳለ መብራቱ ይጠፋል፣ ልክ የሆነው የፊውዝ ሽቦ ቤት ውስጥ አይኖርም፣ ከአሮጌ ገመድ የተመዘዘ ወፍራም መዳብ ይጠመጠምበታል። ከዚያ በኋላ ፊውዙ አይቀልጥም። በእሱ ፋንታ የሚግለው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሽቦ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ከረጢትና ደረቅ እንጨት ነው።

ብሬከር የመጣው ይህን ለመከላከል ነው። ውስጡ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠሩበት ስስ ቅጠል ነው፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ይታጠፋል፣ ማብሪያውን ይለቀዋል። ለዚህ ነው በጥቂቱ የተጫነ ብሬከር ወዲያው ሳይወርድ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቆይቶ የሚወርደው። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ሾርት ሲሆን የሚፈሰው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ጥቅሉን ማግኔት ያደርገውና በቅጽበት ያቋርጠዋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ምጣዱን አይጠብቅም፤ ጋጋሪዋንም አይጠብቅም። ይህ በደንብ ቢታወቅ ብዙ ቤት ከእሳት ይተርፍ ነበር፤ ምክንያቱም ባለ 16 አምፔሩ «አስቸገረ» ተብሎ ሽቦው ሳይቀየር ባለ 32 ሲተከል የሚሆነው ወፍራም መዳብ የተጠመጠመበት ፊውዝ ላይ የሆነው ነው።

ስለዚህ ሳጥኑ የሚመረጠው ሽቦው ከተመረጠ በኋላ ነው። ለአምፖል መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት 2.5 እና 16 አምፔር የተለመደ ነው። ለምጣድ ግን ከሳጥኑ በቀጥታ የሚወጣ፣ ሌላ ዕቃ የማይጋራው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ ከባለ 20 ወይም ባለ 25 አምፔር ብሬከር ጋር ያስፈልጋል። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። ማጀቱ ከዋናው ቤት 20 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 40 ሜትር ነው። በባለ 1.5 መዳብ ላይ ያ ርቀት ግማሽ ኦም ገደማ ይሆናል፤ ምጣዱ 16 አምፔር ሲስብ 120 ዋት የሚያህል ሽቦው ራሱ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በባለ 4 ሽቦ ግን ከ50 ዋት በታች ይወርዳል። የላላ መጋጠሚያ ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ ያን ያህል ሙቀት በ20 ሜትር ሳይበተን አንድ ብሎን ጫፍ ላይ ይከማቻልና። ሶኬቱ የጠቆረ፣ ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትም ከዚህ የተለየ ውጤት የለውም።

ገበያ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ላዩ ላይ 2.5 ተጽፎበት ውስጡ የሳሳ ሽቦ አለ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም አለ። ጫፉ በምላጭ ሲፋቅ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። ቀለሙም ሰው ያሳስታል፤ በቀድሞው ልማድ ጥቁር ኒውትራል፣ ሰማያዊ ደግሞ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ነበር፤ በአሁኑ ዓለም አቀፍ ደንብ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፣ ጥቁር ፌዝ ሊሆን ይችላል። አሮጌና አዲስ ሽቦ በአንድ ሳጥን ሲገናኙ ቀለምን አምኖ እጅ መስደድ አይገባም፤ እያንዳንዱ በቴስተር ይለካል።

ለዚህ ደጋ ብቻ የሚነሳ ነገርም አለ። የቤት ብሬከሮች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ደንብ የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ያለውን ቦታ ነው። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድም፣ ብልጭታን የማፈንም አቅሙ ይቀንሳል። ብርዱ በአንድ በኩል ይክሳል፤ ቢሆንም ሳጥኑን በብሬከር አጭቆ መሙላት፣ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃም መግዛት ከቆላ ይልቅ እዚህ ያስፈራል። በሳጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ መተው ለነገ ጭነትም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ጋጋሪዋ እንምጣ። «ምጣዱ ይነዝረኛል» የሚለው አቤቱታ የማይሰማበት ሰፈር ጥቂት ነው። መልሱም ኮንጎ ጫማ አጥልቆ ወይም ሳንቃ ላይ ቆሞ መጋገር ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ያለው የጋለ ሽቦ ተፈናቅሎ ከነካው አካሉ ሁሉ ፌዝ ይሆናል፤ በሊጥ የራሰ እጅና እርጥብ የአፈር ወለል ደግሞ መንገዱን ያመቻቹለታል። ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በአሮጌው ቤት ሁለቱም የሉም።

አንዱ አርዝ ነው፦ ከሳጥኑ ወጥቶ መሬት ውስጥ ከተተከለ፣ ብዙ ጊዜ 1.5 ሜትር ከሚረዝም መዳብ ለበስ ዘንግ ጋር የሚታሰር ሽቦ። የሶኬታችን ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ብረቶች የተሠሩት ለእሱ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ሶኬቱ አዲስ ቢሆን እንኳ ከብረቶቹ ጀርባ የታሰረ ነገር የለም፤ የሚያየው ሰው ግን የተጠበቀ ይመስለዋል። ዘንጉ የት እንደሚተከልም ይታሰብበታል። የደጋው ጥቁር ዋልካ ክረምት ላይ ኤሌክትሪክን በደንብ ይቀበላል፤ በበጋ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉ ይለቃል። የቤት ውኃ የሚደፋበት እርጥብ ጥግ ይሻላል፤ አለት ከገጠመ ሁለት ሦስት ዘንግ ተራርቆ ተተክሎ ይያያዛል።

ሌላው ነጋዴዎች አርሲዲ ወይም ኢኤልሲቢ የሚሉት ልዩ ብሬከር ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ሁልጊዜ ያመዛዝናል። እኩል ካልሆነ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ለሰው መጠበቂያ የሚሆነው በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራው ነው፤ ያን ያህል ሲጎድል ከ0.3 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ያቋርጣል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ለዚህች ትንሽ ፍሰት አይነቃም፤ ሰው ይዞ ቢቆይ እንኳ ዝም ይላል። ገንዘብ አጥሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት ካልተቻለ በእኔ ፍርድ የመጀመሪያው ብር ለአርዙ፣ ለአርሲዲውና ለምጣዱ መስመር ይውጣ። አዲስ አምፖልና የሚያምር ማብሪያ ማጥፊያ ይቆዩ።

ቤቱ ሁሉ ተስተካክሎም በዋዜማ ምጣዱ «አልግል» ሊል ይችላል። ይህ የሳጥኑ ጥፋት አይደለም። ሰፈሩን የሚመግበው ትራንስፎርመር 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ከ29 ምጣድ ያነሰ ነው። ለፋሲካ ወይም ለዒድ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል፤ የምጣድ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ በፈጠነ ልክ ይወድቃል። 220 የነበረው 180 ሲሆን 3,500 ዋቱ ወደ 2,350 ገደማ ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ዓባይ ከቦረና ደጋ ሥር በሸለቆው ያልፋል፤ ታች በጉባ የተገደበው፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያ ኃይል ምጣድ ላይ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በቤቱ ሽቦ በኩል ነው፤ እነዚህ ከጠበቡ የግድቡ መተለቅ ለጋጋሪዋ አይደርሳትም። የትራንስፎርመሩን ጉዳይ ጎረቤት ተሰባስቦ ለአገልግሎት ማዕከሉ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይሻላል።

ከምጣዱ ሌላ ወፍጮ ወይም የብየዳ ሥራ ለሚያስብ ሰው ሦስት ፌዝ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ጥያቄው ለአገልግሎቱ ቀርቦ ጭነቱ ይታያል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ቆጣሪውና ገቢ ሽቦው ይቀየራል። ሦስት ፌዝ የገባበት ቤት ጭነቱን በሦስቱ ላይ ማመጣጠን አለበት፤ ኒውትራሉም በደንብ መጥበቅ አለበት። ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተበጠሰ የአንዱ ክፍል ቮልት ወርዶ የሌላው ወደ 380 ሊያሻቅብ ይችላል። አንዱ አምፖል ሲደበዝዝ ሌላው ከመጠን በላይ ከደመቀ ማቀዝቀዣው ሳይቃጠል ዋናውን ብሬከር ማውረድና 905 ደውሎ ማስታወቅ ይገባል።

ሥራው ራሱ የሚጀምረው ከውጭ መስመሩን በአገልግሎቱ በማስቆረጥ ነው። ባለሙያው በመንግሥት የብቃት ማረጋገጫ የተሰጠው ቢሆን ይመረጣል፤ አገሪቱም የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ አላት። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አጥብቆ አይይዝም፤ ሳጥኑ ከማገሩ ጋር በተመታ ሳንቃ ላይ ይሰቀላል፣ ከማጀት እንፋሎትና ከጣሪያ ፍሳሽ ይርቃል፣ ቁመቱም ሕፃን የማይደርስበት፣ አዋቂ ያለ ወንበር የሚደርስበት ይሆናል። ከኮርኒስ በላይ የሚያልፈው ሽቦ ኮንዲውት ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያው ሁሉ ክዳን ባለው ሳጥን ይታሰራል። የሰርቪስ ቤቶቹ መስመር ለየብቻ ብሬከር ያገኛል። በየብሬከሩ ሥር «ምጣድ»፣ «ሳሎን»፣ «ሰርቪስ» ተብሎ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል፤ በጨለማ የሚመጣ ሰው የሚያወርደውን ያውቅ ዘንድ።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገሮች እፊቱ ይፈተኑ። የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ መጥፋት አለበት፤ በየወሩም እንዲሁ ይሞከራል። ምጣዱ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ መስመሩ በብሬከሩ ተዘግቶ ሶኬቱና ስፒናው በእጅ ይዳሰሳሉ፤ ለብ ቢሉ ምንም አይደለም፣ የሚያቃጥሉ ከሆነ ብሎኑ እንደገና ይጠበቃል። አርዙ ደግሞ በመለኪያ ይለካል፤ ሥራው የተሠራው በነሐሴ ከሆነም መሬቱ በደረቀበት በበጋ ድጋሚ ይለካ።