ሁለት ኩንታል ተኩል ከራስ በላይ

ጎንደር ገበያ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ የሚያልፍን ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ሲጭን ሁለት ሰው ያግዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ጀርባው ይችለዋል። ሩሲያዊው ቫሲሊ አሌክሴዬቭ ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ 255 ኪሎ ብረት ያለ አጋዥ ከወለል አንስቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ከራሱ በላይ ያዘው። ሁለት ኩንታል ተኩል አለፈ ማለት ነው።

የተወለደው በ1934 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29፣ በገና ዕለት ነው። እኛ አገር ቢሆን ልደቱ ተብሎ ይቀር ነበር። ልጅነቱን በእንጨት ቆረጣ ሥራ መካከል አሳለፈ፤ የመጀመሪያ መለማመጃው የጋሪ ባቡር አክሰል እንደነበረ ይነገራል። በኋላ ሻኽቲ በምትባል የማዕድን ከተማ ኖረ። አሠልጣኝ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተለያይተው ብቻውን፣ በራሱ ዘዴ መሥራት ጀመረ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ብረት ያነሣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 በወቅቱ በነበሩት ሦስት የውድድር ዓይነቶች ድምር 600 ኪሎን በማለፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ዓመት እስከ 1977 በየዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1972 እና በ1976 የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ። ክብረ ወሰኖቹ 80 ደረሱ። ቁጥሩ ይህን ያህል የበዛው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ያኔ ክብረ ወሰን በግማሽ ኪሎ ጭማሪ ይሻሻል ነበር፤ እሱም ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን አያወጣም። ለእያንዳንዱ ክብረ ወሰን የሶቪየት መንግሥት ገንዘብ ይከፍለው ነበር ይባላል። እኔ ይህን ስስት አልለውም፤ ጥሩ ነጋዴ ነበር።

ከ1972 በኋላ ከሦስቱ አንዱ፣ ብረቱ ከደረት በክንድ ኃይል ወደ ላይ የሚገፋበት «ፕሬስ»፣ ቀረ። ተወዳዳሪዎች ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለመጡ ስለሚገፉ ዳኝነቱ አስቸግሮ ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ብረቱ በአንድ ስበት ከወለል ከራስ በላይ የሚደርስበት ስናች፣ እና መጀመሪያ ደረት ላይ አርፎ ከዚያ ወደ ላይ የሚወረወርበት ክሊን ኤንድ ጀርክ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሙከራ ይሰጣል።

አሌክሴዬቭን የጨረሰው ያ ሦስት ሙከራ ነው። በ1978 በዓለም ሻምፒዮና ተጎዳ፤ በ1980 ሞስኮ ላይ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ስናቹን በ180 ኪሎ ጀመረ። በሞንትሪያል ከዚህ በላይ ያነሣ ሰው ነው። ሦስቱንም ጣለና ያለ ውጤት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተወዳደረም፤ አሠልጣኝ ሆነ፣ በ2011 ሙኒክ ውስጥ አረፈ።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ በሩጫ ነው፤ ለዚህም ደጋው ይመሰገናል። ደጋ ለብረት አንሺም ጠላት አይደለም። አንድ ማንሣት በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል፤ ጡንቻ የሚጠቀመው አስቀድሞ ያከማቸውን ኃይል እንጂ በዚያች ቅጽበት የሚተነፍሰውን አየር አይደለም። እንዲያውም ጎንደር ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የምድር ስበት ከሞስኮ በትንሹ ይቀንሳል። አሌክሴዬቭ በ1977 ሞስኮ ላይ ያነሣው 256 ኪሎ እዚህ ቢሆን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ በቀለለለት ነበር። በእሱ ሒሳብ ሁለት ክብረ ወሰን ነው!

የጎደለው ዕቃው ነው። በየሰፈሩ ወጣቶች የብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ ጣሳ አድርገው፣ ሲሚንቶ ሞልተው ይለማመዳሉ። ደረትና ክንድ ለማሳበጥ ይበቃል። ለስናች ግን አይሆንም፤ የውድድር ብረት ጫፎቹ ለብቻቸው ይሽከረከራሉ፣ ክብደቱ ሲገለበጥ የአንሺውን አንጓ አይጠመዝዝም። ሲሚንቶው ከቧንቧው ጋር አብሮ ስለሚዞር እጅን ሊጎዳ ይችላል። ሲከብድ ደግሞ መጣል ግድ ነው፤ ለዚያ የጎማ ክብደትና አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ የእንጨት መድረክ ያስፈልጋል። ጣሳው ከራስ በላይ ተለቅቆ ቢወድቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሊጥሉት የማይደፍሩትን ክብደት አያነሡም።