ተቈጥሮ የማያልቅ የቡና ክምር

በከፋ ዞን፣ በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮም ይህንን ምድር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ቡናው ጣዕም አይደለም፤ ፍሬውን ለመቍጠሪያ ወስደን ስለምናገኘው አንድ ታላቅ ቍጥር ነው።

ቀድሞ መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ስምንት በስምንት ሆኖ 64 ቤት አለው። በአንድ የቈየ የሕንድ ተረት፣ ብልህ ሰው ንጉሡን «በመጀመሪያው ቤት 1 የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እጥፍ እጥፉን እስከ መጨረሻው ቤት ስጠኝ» ብሎ ለመነው ይባላል። እኛ በስንዴው ፈንታ የከፋን ቡና እናስቀምጥ።

ድምሩን ለማግኘት 64 ቍጥሮችን መደርደር አያስፈልግም። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፤ ይኸውም ከሚከተለው ከ8 በአንድ ያንሳል። 8 ቢጨመርበት 15 ነው፤ ይህም ከ16 በአንድ ያንሳል። ሥርዓቱ እስከ መጨረሻው ስለማይለወጥ የ64ቱ ቤት ድምር 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነው። 1,000 ደረቅ ፍሬ 150 ግራም ይመዝናል ብንል፣ ክምሩ ከ2,700 ቢሊዮን ቶን ይበልጣል። ዓለም በሙሉ በዓመት የሚያመርተው ቡና 10 ሚሊዮን ቶን ያህል ስለ ሆነ፣ ይህን ክምር ለመሙላት ከ250 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ይሁን እንጂ ቈጥረን የማንጨርሰውን ቍጥር በእርሳስና በወረቀት ልንበታትነው እንችላለን። ማናቸውም ቍጥር በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት፣ ውጤቱ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ቍጥር ብዜት ነው። 4 በ4 ሲባዛ 16፤ 1 ሲቀነስ 15፤ ይህም 3 በ5 ነው። እንዲሁም 255 ማለት 15 በ17 ነው። በዚሁ መንገድ የቡናችን ቍጥር የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257፣ የ65,537 እና የ4,294,967,297 ብዜት ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሹም የነበረውና ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ ሒሳብ ይመረምር የነበረው ፒየር ደ ፌርማ፣ ይህን አይቶ ስድስተኛውም ሌሎቹም እንደዚሁ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ስሙ የተከበረ በመሆኑ ግምቱ ዘጠና ዓመት ያህል ሳይነቀፍ ቈየ።

በ1732 ግን ወጣቱ የስዊስ ተወላጅ ሌዎናርድ ኦይለር 4,294,967,297 የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። ኦይለር ኋላ እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለውን ቍጥር ሊያካፍል የሚችለው ብቸኛ ቍጥር ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ ብቻ ነው። እነዚህም 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ግምቱ ፈረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ቡና ለ641 ገበሬዎች እኩል ቢታደል አንዲት ፍሬ አትተርፍም፤ ለ7 ሰዎች ቢታደል ግን አንዲት ፍሬ ትተርፋለች። የቍጥሩ ብቸኛ አካፋዮች ሰባት ናቸው፤ እነርሱን እያጣመሩ በማባዛት፣ 1 እና ራሱ ቍጥሩ ሳይቀሩ፣ 128 አካፋዮች ይገኙለታል።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚላኩ ብዙ ምስጢሮች የሚጠበቁት ከሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቍጥሮች ብዜት በተሠራ ቍልፍ ነው፤ ማባዛቱ ቀላል፣ መበታተኑ ግን እጅግ አድካሚ ነውና።

አምስት ጊዜ እውነት ሆኖ የተገኘ ነገር በስድስተኛው ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የኦይለርንም ቃል እንዲያው አይቀበሉ፤ ወረቀት ያንሡና 6,700,417ን በ641 ያባዙ።